ናስር ኮመንት የጻፈ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ካፍቴሪያ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲንጫጩ ሰማሁ። ሩዛቸው እየቀዘቀዘ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምሳ ሰዓት አጭር ናት፤ ሩዙን ትቶ የሚንጫጫ ሰው ካየሁ ወይ ደመወዝ ተጨምሯል፣ ወይ ቴሌቪዥን ላይ የሆነ ሰው ጉዱ ፈልቷል ማለት ነው። ደመወዝ እንዳልተጨመረ ደግሞ አውቃለሁ።

የሆነ ወጣት ነው አሉኝ። እሁድ እሁድ በሚተላለፍ አንድ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት፣ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር፣ አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ በሰላም እንደሚኖር ተናገረ። ፕሮግራሙን በተመለከተ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ በታመመ ሰው ይነግዳሉ ብሎ ይሳደባል፣ ግማሹ ያስተምራሉ ብሎ ይሟገታል። ልጁን በተመለከተ ግን ሁሉም ደግ ሆኗል፤ ኮመንቱ ልብ በልብ ነው። ከልጆቹ አንዷ ጮክ ብላ ስታነብ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሙና፣ አንቺም እንጂ፤ አንድ ነገር ጻፊለት» አለችኝ።

«ሩዝሽን ብይ» አልኳት።

ተያዩ። ኩርፍተኛ መሆኔን ያውቁታል፤ ጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ ነው የሚመስላቸው። ሳህኔን አንስቼ ወጣሁ። ውጪው እሳት ነው፤ የድሬ ሰኔ ያው የድሬ ሰኔ ነው፤ ጥላ ያለ መስሏችሁ ግድግዳ ብትጠጉ ግድግዳውም ይለበልባችኋል። እዚያው ቆምኩ። ተናድጄ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ንዴት ለሰው ጉልበት ይሰጠዋል። የእኔ ግን ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ዓመታት አብሮኝ ከርሟል፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ ይነሳብኛል።

ናስር ታላቅ ወንድሜ ነው። የማወራችሁ ነገር ሲሆን እኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ፣ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ አንድ ሱቅ ተቀጥሬ ጂንስና አባያ የምሸጥ ልጅ ነበርኩ። ናስር ባጃጅ ይነዳል። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ቤት ውስጥ እኔ፣ ናስርና እናታችን ነን። እናታችንን በሶማሊኛ ሆዮ ነው የምንላት። እሷ በሶማሊኛ ታወራለች፣ እኛ በአማርኛ እንመልሳለን፣ ስንጣላ ኦሮምኛ ይጨመርበታል፤ ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ የሚገርም ነገር አይደለም።

ናስር ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ታሞ ነበር። ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ ሰው የሚያማው መሰለው፤ ቀጥሎ ምግቡ ውስጥ የሆነ ነገር ተጨመረ አለና ከሆዮ እጅ መብላት ተወ። ያን ጊዜ ሆዮ ያልሄደችበት ሼህ፣ ቁርኣን ያላስቀራችበት ቦታ አልነበረም። በኋላ አጎታችን ሆስፒታል ወሰደው። መድኃኒት ጀመረ፤ አስተኛው፣ አወፈረው፣ ምራቁን አደረቀው፤ ድምፁ ግን ጠፋ። ከዚያ በኋላ ናስር እንደገና ናስር ሆነ፤ ቀልደኛ፣ አፈ ፈጣን፣ ሸሚዙን ካልተኮሰ ከቤት የማይወጣ።

ይሄን ከእኛ ቤት ውጪ የሚያውቅ አልነበረም። ያ ሁሉ ሲሆን የምንኖረው ሌላ ሠፈር ነበር፤ መጋላ የገባነው እሱ ከዳነ በኋላ ነው። መጋላ ውስጥ ናስር ጨጓራ አለብኝ ባይ ሆኖ ነው የሚታወቀው። ምክንያቱም ሐኪሙ ጫት ከመድኃኒቱ ጋር አይሆንም ብሎታል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ የማይቅም ባለ ባጃጅ ማብራሪያ ይጠየቃል። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ሊቅም በርጫ ሲቀመጥ፣ እሱ አጠገባቸው ተጋድሞ በላምባ ምድጃ የፈላ የወተት ሻይ ይጠጣል። «ወሪያ፣ ያንተ ጨጓራ የሴት ነው?» ይሉታል። «የሴት ቢሆንማ ባል ባመጣልኝ» ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ ያልፋል።

የኮንትራት ልጆች ነበሩት። ኮንትራት ማለት ወላጆች በወር እየከፈሉት ጠዋት ልጆቹን ከየደጃፋቸው ሰብስቦ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ቀትር ላይ መመለስ ማለት ነው። ከቀኑ ሥራ ሁሉ የሚወደው ይሄን ነበር። ቀትር ላይ የባጃጁ የላስቲክ ወንበር የልጆቹን ጭን ያቃጥላል ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ውሃ ያርከፈክፍበታል፤ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ከዚያ በእጁ መዳፍ ይለካዋል። ዓርብ ዓርብ ሰምቡሳ ይገዛላቸዋል። በዘይት የወዛ እጃቸውን የወንበሩ ጀርባ ላይ ሲጠርጉ ይቆጣል፤ በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ይገዛላቸዋል።

ከልጆቹ ሁለቱ የጎረቤታችን የሰዓዳ መንታዎች ነበሩ። ሰዓዳ ሳቂታ፣ እጀ ሰፊ ሴት ናት። ሆዮ ስትታመም ሾርባ ይዛ የምትመጣ፣ ስታገግም ደግሞ ለምን ሾርባዬን አልጨረስሽም ብላ የምትቆጣ። ይሄን የምለው ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለኝ።

በዚያ ዘመን እሁድ ከሰዓት በኋላ አንድ ፕሮግራም ነበር፤ የተጣሉ ባልና ሚስቶችን ስቱዲዮ አምጥቶ በሰው ፊት የሚያከራክር። ገመና አደባባይ አወጡ ብሎ የማይረግመው አልነበረም፤ ሳያየው የሚያልፍም አልነበረም። የኛ ቤት ቴሌቪዥን ሰፋ ስለሚል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሠራ ቬንትሌተር ስላለን፣ ጎረቤቱ እኛ ጋ ይሰበሰባል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሐብሐብ ተቆርጦ፣ ሰው በሦስት ቋንቋ ይፈርዳል።

አንድ እሁድ የቀረቡት ባልና ሚስት ጉዳይ እንዲህ ነበር። ባል ከሚስቱ ቦርሳ ውስጥ ክኒን አገኘ፤ ጠይቆ ሲያጣራ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሆነ። ከማግባቷ በፊት ጀምሮ ትወስደው ኖሯል። አታለለችኝ፣ እፈታታለሁ ይላል። ሚስት ፊቷን በሻርፕ ከልላ ታለቅሳለች። አቅራቢው እየዞረ «መንገር ነበረባት ወይስ አልነበረባትም?» እያለ ተመልካቹን ይጠይቃል።

«ውሸታም ናት!» አለች ሰዓዳ፣ የሐብሐቡን ፍሬ እየተፋች። «እንዴት ባልሽን ትደብቂዋለሽ? ብትነግረው ኖሮ አቅፎ ያኖራት ነበር።»

«ነግራው ባይወዳትስ?» አለ ናስር። በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ወላሂ ይወዳታል! ሰው የሚጠላው ውሸት ነው። በሽታማ ከአላህ ነው፤ ማን በበሽታ ይጠላል?»

ሆዮ የሐብሐቡን ልጣጭ ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች። ናስር ሰዓዳን አተኩሮ አያት። ያን አስተያየቱን ያኔ ልብ አላልኩትም፤ አሁን ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ነው።

በማግስቱ የፕሮግራሙ ገጽ ላይ ያለው ኮመንት ሌላ ነገር ሆነ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ሱቅ ተቀምጬ እኔም አነብ ነበር። የባል ወገንና የሚስት ወገን ተብሎ ተከፍሎ ይሰዳደባል፤ ብሔር ይጠራል፣ ሃይማኖት ይጠራል፤ ስለ ሁለት ሰው ትዳር የተጀመረው ክርክር የማይደርስበት የለም። ከስድቡ መሃል ግን አንድ ነገር ሳይሰለች ይመላለሳል። «ብትናገር እኮ እንረዳት ነበር።» «ዋናው ግልጽነት ነው።» «ሕመም አያሳፍርም፣ መደበቅ ነው የሚያሳፍረው።» ናስር ልጆቹን እየጠበቀ ኒሙ ሥር ያነባል፤ ማታ ራት ላይ ደግሞ ለኔ ያነብልኛል።

«ሙና፣ ሰው ተቀይሯል» አለኝ አንድ ማታ። «እኛ ነን ባለፈው ዘመን የቀረነው። እይው እስቲ፤ ይሄ ከጅማ ነው፣ ይቺ ከጎንደር ናት፣ ይሄኛው ደግሞ እዚሁ ከሳቢያን። አንድ ሰው እንኳ በሽታውን አልሰደበም።»

በነጋታው ጽፎ አሳየኝ። ገና አልላከውም። እንዲህ ይላል። «እኔ ናስር ነኝ። ድሬዳዋ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰው የማይሰማው ድምፅ እሰማ ነበር። መድኃኒት እወስዳለሁ፣ አሁን አልሰማም። ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። እህቴ፣ አንቺ ውሸታም አይደለሽም፣ ፈርተሽ ነው። ወንድሜ፣ አትፍታት፤ ያው እሷው ናት።»

«በስምህ?» አልኩት።

«እሷን ለምን ፈራሽ እያልኳት እኔ ልደበቅ?»

ኋላ ላይ ዘመዶች ለምን አላስቆምሽውም ብለውኛል። ምን ብዬ ነው የማስቆመው? ኮርቼበት ነበር። ዛሬም ያንን ጽሑፍ የጻፈ ወንድም ስላለኝ እኮራለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ነገር የጻፈ ሰው በዚያ ገጽ ላይ አላየሁም።

የመጣለትን ምላሽ ማመን ያቅታል። የገጹ ሰዎች የሱን ኮመንት ከሁሉም በላይ አደረጉት። የባል ወገንም የሚስት ወገንም መሳደቡን ትቶ ናስርን ያወድስ ጀመር። «ጀግና!» «ጀግና ነህ ወንድሜ!» «አገር እንዳንተ ዓይነት ጀግና ነው የሚያስፈልጋት!» የድሬ ልጆችማ ጭራሽ ባሰባቸው። «ወሪያ ናስር፣ አኮራኸን!» «የድሬ ልጅ ግልጽ ነው አቦ!» እውነትም እኛ ድሬዎች በግልጽነታችን እንመካለን፤ ሽማግሌውን አንተ ብለን እንጠራለን፣ የሆዳችንን እንናገራለን፣ ኩራትና ሽንገላ የሌላ አገር ነገር ይመስለናል። ሰዓዳም ጻፈች። «ናስርዬ፣ ልጆቼን እንደ ልጆችህ የምታይ፣ ጀግናችን ነህ» ብላ ልብ ደረደረች።

ሆዮ ስትሰማ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

«አጥፋው» አለችው።

«ሆዮ፣ ነይ እይው፤ ወደዱኝ እኮ!» ማንበብ ስለማትችል ስልኩን ዓይኗ ሥር ደቀነላት።

«ይሄ ሁሉ ቀይ ቀይ ምንድን ነው?»

«ልብ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ልቡን ሰጥቶኝ ነው።»

ሆዮ ቀዩን እያየች ቆየችና «የሰዓዳም አለበት?» አለችው። አለበት፣ ብሎ በጣቱ አሳያት። ያን ጊዜ ተንፈስ አለች፤ ና ልጄ ብላ ጭንቅላቱን ስባ ሳመችው። በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ደስታ ለመግለጽ ቃል የለኝም። ናስር ስንት ዓመት ተሸክሞት የኖረውን ጨጓራ አወረደ።

በሚቀጥለው ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ወጣ። ሰዓዳ ደጅ ሲደርስ መንታዎቹ ጉንፋን ይዟቸዋል ተባለ። ሌላኛው ደጅ፣ ዛሬ አባቱ ያደርሰዋል ተባለ። በማግስቱም ጉንፋኑ አልለቀቀም፤ ግን እኔ ወደ ሥራ ስሄድ መንታዎቹ በሌላ ባጃጅ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። እነሱም አይተውኛል፤ እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ ለካ አትንገሩ አልተባሉም። ሳምንቱ ሳያልቅ ናስር አንድም የኮንትራት ልጅ አልቀረለትም። እንዳንተ ያለ የለም፣ ግን እህቴ ባጃጅ ገዛች፣ እንዳንተ ያለ የለም፣ ግን ትምህርት ቤት ልንቀይራቸው ነው ይሉታል። ክፉ ቃል የተናገረው አልነበረም። ቢናገሩት እኮ ይመልስ ነበር፤ አፍ አያጣም።

ቀጥሎ መንገዱ ከዳው። ባጃጁን ሰው ያውቃታል፤ የኋላ መስታወቷ ላይ ስሙን በትልቁ አስጽፎ ነበር። ከዚራ ሠፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩዋት ስልካቸውን ያያሉ፣ ጫማቸውን ያያሉ። ከኋላዋ የመጣችው ትሞላለች።

አንድ ከሰዓት ከታይዋን ወደ ቤት ሊያደርሰኝ አብሬው ነበርኩ። አንድ የተከበሩ ሰውዬ፣ ሳያስተውሉ መሰለኝ፣ አጠገቤ ገቡ። የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር ናስር በመስታወቱ አያቸውና ሰላምታ ሰጣቸው። ሰውየው ፊቱን አተኩረው አዩት።

«አንተ ናስር አይደለህም? ያ የጻፈው?»

«ነኝ» አለ ናስር ፈገግ ብሎ።

«ጀግና ነህ ወላሂ! ልጆቼን ሁሉ ነው ያስነበብኳቸው» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ወዲያው ደግሞ «እዚህ ጋ… እዚሁ ጋ አውርደኝ» አሉ። የደረቀው ወንዝ መሃል ነን። አሸዋና ላስቲክ እንጂ ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰውየው ሒሳባቸውን ከፈሉ፣ «አላህ ይጠብቅህ» አሉ፣ በዚያ አሸዋ ላይ በነጠላ ጫማ መሄድ ጀመሩ።

ናስር ሞተሩን ሳያስነሳ በዓይኑ ሸኛቸው። «ምናልባት እዚያ ጋ የሚገናኙት ሰው ይኖራል» አለኝ። አዎ አልኩት።

በዚያ ሰሞን ሰዓዳ ሙሸበክ ገዝታ መጣች፤ የዚያ ጣፋጭ ስኳር ከወረቀቱ አልፎ በእጇ ይንጠባጠባል። ተጨንቃ ነበር። እውነት ለመናገር፣ ከሰው ሁሉ ፊቱን አይታ የተናገረችው እሷ ብቻ ናት።

«ናስር፣ እኔ አልፈራህም» አለችው። «የሚፈራህ አባታቸው ነው። ዳነ ካልሽ ለምን ክኒን ይውጣል ይለኛል። እኔም መልስ አጣሁ። ጉንፋን የለቀቀው ሰው የጉንፋን መድኃኒት ይውጣል? ክኒኑን አቁመህ ደህና ከሆንክ፣ ያኔ እኔ ራሴ ልጆቹን ይዤልህ እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

«ሰዓዳ፣ የደህናነቴ ምክንያት እሱ እኮ ነው» አለ ናስር።

«አየህ» አለች ሰዓዳ፣ እንባዋ እየመጣ። «እንደዚህ ስትል ነው የሚፈሩት።»

ይሄ የሷ ብቻ አስተሳሰብ አልነበረም፤ የሠፈሩ ሁሉ ነበር፤ በኋላ እንዳየሁት የኮመንቱም ነበር። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ታማሚ ነው፤ የተወ ሰው የዳነ ነው። ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ናስር ያን ቀን ሳቀና ሸኛት። ሙሸበኩን በላን፤ ሆዮ ጣቷን እየላሰች እንኳን ሰዓዳ አለችልን አለች።

መድኃኒቱን መቼ እንዳቆመ አናውቅም። ዝም ብሎ ነው ያቆመው። መጀመሪያ አካባቢ ጭራሽ አማረበት፤ ነቃ አለ፣ ከሳ፣ ጨዋታው ጨመረ። ሰዓዳም አይታው «ማሻአላህ» አለች። እሱም ወር ይሙላኝና ልጆቹን እጠይቃታለሁ አለኝ፤ ወር ማለቱ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከዚያ እንቅልፉ ጠፋ። ባጃጇን ሲያጥብ ይውላል፤ ታጥባ ያለቀችውን ደግሞ ያጥባል። ለውሃ ወረፋ በሚጠበቅበት ከተማ ጄሪካን ሙሉ ወንበሩ ላይ ሲደፋ ሆዮ ብትቆጣው፣ «ይሞቃቸዋል፣ ይሞቃቸዋል» ይላታል። ዓይኑን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ልብሴን እንኳ ሳልቀይር አጎታችንን ልጠራ ወጣሁ። አጎቴ ሥራ ላይ ነው፤ ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ ሆስፒታል እንወስደዋለን አለ።

በጠዋት እኛን ቀድሞ ወጣ። ባዶ ባጃጁን ይዞ በድሮው መንገድ፣ በየልጆቹ ደጅ እየቆመ፣ ጥሩንባ እየነፋ፣ በየስማቸው ተጣራ። «ተረፈደ! ተረፈደ! ወንበሩ በርዷል፣ ውጡ!» በር የከፈተለት የለም። ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲሄድ ጩኸቱ እየጨመረ መጣ። በመጨረሻ ሰዓዳ ደጅ ሲደርስ ከባጃጁ ወርዶ የብረቱን በር በሁለት እጁ ይደበድብ ጀመር። ሰው ተሰበሰበ። የነካው፣ የመታው የለም፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። እኔና አጎቴ ሮጠን ስንደርስ ሸሚዙ በውሃና በላብ ርሷል። እኔን ሲያይ ደስ አለው። «ሙና፣ ንገሪያቸው፤ ክኒኑን ትቻለሁ!» አለኝ።

በሕይወቴ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ከምሳ በፊት ቪዲዮው ድሬዳዋ ሙሉ ተዳርሷል። እሱን ሆስፒታል ካስገባን በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ኮመንቱን አነበብኩት። ባላነብ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ሰው የራሱን ሬሳ ሲገንዙ እንደማየት ነው፣ ዓይን አይነቀልም። «ይሄ ያ ጀግናው አይደል?» ይላል አንዱ። ከዚያ በታች እንደገና ሁለት ወገን ሆነዋል። መድኃኒት ነው ያሳበደው የሚል፣ ጂን ነው የሚል። ማን መንጃ ፈቃድ ሰጠው የሚል፣ ቪዲዮውን አጥፉት፣ ነውር ነው የሚል፣ ነውር ነው ባዩን የሚሳደብ። መድኃኒቱን ማን አስተወው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ወረድ ስል የሰዓዳን አገኘሁት። «አላህ ያሽረው፣ ልቤ ነው የተሰበረው። እንኳን ልጆቼን በጊዜ አወጣኋቸው» ብላ፣ የምታለቅስ ፊት አድርጋበታለች።

እንድትጎዳን ብላ አልጻፈችውም። የተሰማትን ነው የጻፈችው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ልጣላት ያልቻልኩት፤ ለዚህም ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ክፉ ሰው ቢሆን ሠፈር ቀይሬ እገላገለው ነበር። ያን ልብ ሁሉ የላኩት ሰዎች በላኩበት ሰዓት እውነታቸውን ነው፤ ባጃጁን አይተው ጫማቸውን ሲያዩም እውነታቸውን ነው። ሁለቱ እውነት አንድ ሰው ውስጥ ሳይጣላ እንዴት አብሮ እንደሚያድር እኔ አልገባኝም። ሐኪሙ የናስርን ሕመም ሲነግረን እንኳ እንደዚህ አልከበደኝም። ባልና ሚስቱ ተፋቱ አሉ፤ ፕሮግራሙ በሚቀጥለው እሁድ ስለ ውርስ ነበር።

ናስር ከሆስፒታል ወጣ። መድኃኒቱ ግን እንደ መጀመሪያው አልሠራለትም፤ አንዳንዴ አንድ ጊዜ የተቋረጠ ነገር ሲመለስ ያው አይሆንም ብለውናል። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልሄደም። ባጃጇ ተሸጠች። ሆዮ እሱን ለማን ልተው እንዳለች ሞተች፤ ለኔ ተወችው። ሊያገባኝ የመጣ አንድ ሰው ነበር፤ ስለ ወንድሜ አስቀድሜ ነገርኩት። ስለ ግልጽነቴ አመስግኖኝ ሄደ።

ከካፍቴሪያው የወጣሁ ዕለት፣ ከሥራ ስመለስ ናስር ግቢው ውስጥ ጥላው በዞረበት በኩል ምንጣፍ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ወፍሯል፤ ሸሚዙን ዛሬም ይተኩሳል፤ የሚወጣበት ቦታ ግን የለም። ሻይ ቀዳሁለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ንፋሱ ገና አልመጣም። ከጎረቤት ቤት የሰሞኑ ወጣት የቀረበበት ፕሮግራም ድጋሚ ይሰማል፤ ልጁ ሲናገር፣ ሰው ሲያጨበጭብ።

«የሆነ ልጅ ስለ ራሱ ተናገረ አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«በስሙ?»

«በስሙ።»

ሻዩን ፉት አለ። «ሰዉ ምን አለው?»

ልዋሸው አሰብኩ። ግን ምን ብዬ እንደምዋሸው አላውቅም፤ ክፉ ተናገሩት ልበለው? ብዋሸውም ከእውነቱ የተሻለ ዜና አይሆንለትም።

«ጀግና አሉት» አልኩ።

ናስር ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ጭብጨባው እስኪያባራ አዳመጠ።

«አለቀለት በያ» አለ። ቀጠለና «ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ሰው የማያስፈልገው ሥራ ያድርግለት» አለ ናስር። እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት፤ እኔም አሚን አልኩ።